የዩስራ አፍንጫና የአባባ ወንበር

ለውድ እህቴ ለረሒማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ሆድሽ ውስጥ ያለው ረጋጭስ? ቡታጅራ ዘነበ? አያታችን አሁንም ሐኪም ቤት ሄዳ ሐኪሙን መርምራው ነው የምትመለሰው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ከአንድ አፍንጫ በቀር። ድምፄን በዋትሳፕ ያልላክሁልሽ ባልሽ አብዱልሀፊዝ ስልክ የሚያዳምጠው ለሰፈር በሚበቃ ስፒከር ስለሆነ ነው። ዩስራ ግን "ለረሒማ ሁሉንም ጻፊላት" ብላኛለች።

እንደምታውቂው እህታችን የሴት ፊት እንዲኖራት ብላ አፍንጫዋን ከተሠራች አራተኛ ወሯ ነው። ጉብታው ጠፍቶ አምሮባታል፤ እኔ እንኳ ቀንቻለሁ። ያስቸገረው መተንፈሱ ነው። በግራው ቀዳዳ አየር እንቢ አለ። ሐኪሟ፣ አጥንቱ ሲሞረድ የውስጡ መተላለፊያ ጠቧል፣ እብጠቱ እስኪሄድ እንጠብቅ፣ ካልተከፈተ ግን እንደገና ይሠራል አለቻት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ጨምቃ ይዛ አልለቀቀችኝም።

አጎታችን አብዱልጀባርማ "ምች ነው" ብሎ ፈርዷል። በቆርቆሮ የተከለውን ዳማከሴ አሽቶ አፍንጫዋ ውስጥ ሊያንቆረቁር ሲል ጮኼ ያዝኩት። በዚሁ መድኃኒት በሬ አድኖ ነበር አሉ። በሬው አሁን የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ "ተበልቷል" አለኝ።

አባባ ደግሞ በአዲሱ ስሟ አይጠራት፣ የድሮውንም ትቶታል። ሻይ ሲያምረው ግድግዳውን ነው የሚያዘው። እሷም ከተሠራች ወዲህ አብራን ሰግዳ አታውቅም። ግንባሯን ምንጣፍ ልታስነካ ሱጁድ ስትወርድ ትታፈናለች፤ ደግሞስ የት ትቁም? ድሮ፣ ወንድ ልጅ ትባል በነበረ ጊዜ፣ ቦታዋ ከአባባ በስተቀኝ ነበር።

ባለፈው አርብ የመግሪብ ሰላት ሲደርስ አባባ ስፓዛ ሱቁን ዘግቶ ከባንኮኒው ኋላ የሚቀመጥበትን ወንበር ተሸክሞ መጣ። በቀኙ ሊያኖረው ነው ስል አልፎን ሄደና ከኋላ፣ እኔና እማ ከምንቆምበት የሴቶች ረድፍ፣ ከእማ ጎን አስቀመጠው። "እዚህ በመስኮቱ አየር ይገባል" አለ። ለማን እንዳለ እንጃ፣ ለግድግዳው ይሆናል። ዩስራ ቀስ ብላ መጥታ ተቀመጠች። እሱም ፊቱን አዙሮ "አላሁ አክበር" አለ።

ረሒማዬ፣ ግራ ገባኝ። ለአየሩ ብሎ ነው ወይስ? እማን ብጠይቃት "ዝም ብለሽ ስገጂ" አለችኝ። መስኮቱን ሄጄ ብገፋው ከተቀባ ጀምሮ በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት ነው! አባባ ደግሞ ራሱ ነው የቀባው። አየሩ ሰበብ ነው፣ ይሄው ነው ምስጢሩ ብዬ ስደሰት፣ በማግስቱ ቢላ ይዞ ቀለሙን ሲፈቀፍቅ አገኘሁት። አሁንማ ጭራሽ ጠፋብኝ። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ አስረጂኝ።

አብዱልሀፊዝን ሰላም በይልኝ፣ ስፒከሩንም ዝቅ ያድርግ። የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ለረጋጩ አክስቶችህ ሁለት ናቸው ብለሽ ንገሪው። ዩስራ ትስምሻለች፣ ለግራው ቀዳዳ ዱዓ አድርጊ። ወንበሩ እዚያው ነው፣ መስኮቱም ትናንት ተከፍቷል።

ታናሽሽ ራውዳ
ጻካኔ፣ ጆሃንስበርግ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.