ጫማችን ተረጭቷል፤ አገጫችንስ?

ለተከበሩ የሰፈራችን ዓይን ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ ወረርሽኙ ደጃፍዎን ሳይረግጥ፣ ሳል እንኳ በስህተት ሳያገኝዎ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ የዓይን ግፊት ቀኟን ወስዶባት በግራዋ ብቻ የምታይ የስድስት ዓመት ደንበኛዎ ናት። ወረርሽኙን ፈርታ ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች፤ አሁን የእኔ ፊት እንኳ እየደበዘዘባት ነው። ባለፈው ሐሙስ በስንት ልመና ይዣት መጣሁ፤ ላየሁት ሁሉ ምስጋናዬን እነሆ፦

፩ኛ. ጥበቃው ሙቀታችንን ለክቶ፣ እጃችን ላይ አልኮል አፍስሶ፣ የጫማችንን ሶል ሳይቀር ስለረጨልን እናመሰግናለን። ጫማችን እንደዚያን ቀን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

፪ኛ. «ሁለት ሜትር ተራራቁ» የሚለውን ማስታወቂያ፣ ለዓይን ሕመምተኛ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ስላስጻፉልን እናመሰግናለን። ጠብታ ተደርጎላቸው ዓይናቸው የፈዘዘ ሰባት ሰዎች ምን እንደሚል ለማወቅ ግድግዳው ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው አግኝቻቸዋለሁ።

፫ኛ. ይህችን ግን እንዴት አድርጌ ላመስግን? በመመርመሪያው መሣሪያ አገጭ ማሳረፊያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ወረቀት ማስቀመጥዎ ደግ ነው። ነርሷ እህታችን ግን ወረቀቱ አልላቀቅ ሲላት፣ ማስኳን ዝቅ፣ ጣቷን ላስ እያደረገች ነው የምታነሣው! እኔም ክር በምራቄ እያሾልኩ የምኖር ሰው ነኝና ምራቅ አልንቅም፤ ክሩን ግን የሰው አገጭ ላይ አልለጥፍም። እናቴ በዚያች በደከመች ዓይኗ ይህን አየች፤ «ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» እንዳይሆንብኝ ብላ ሳትመረመር ተነሥታ ወጣች። ምን ልበላት? ሐኪሙ ደግሞ የቀድሞ መዝገቧን አይቶ፣ ከዚህ በላይ ከዘገየች ግራዋም እንደማይተርፍ በግልጽ ነግሮኛል። ፈርቻለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ሰኞ ጠዋት እንደገና አመጣታለሁ። የምለምነው ብዙ አይደለም፤ ወረቀቱ በንጹሕ መቆንጠጫ ይነሣ፣ ማሳረፊያው በአልኮል ይጠረግ።

ለጫማችን ያሳዩትን ርኅራኄ ጥቂት ከፍ አድርገው እስከ አገጫችን እንዲያደርሱልን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

አክባሪዎና እንቅልፍ ያጣው ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ሰኞም ወረቀቱ እንደ ልማዱ በምራቅ የሚነሣ ከሆነ፣ እናቴ ከእሷ በፊት እርስዎ አገጭዎን እንዲያሳርፉበት ትጠይቃለች። እሺ ካሉ ይቅርታ ጠይቄ ሙሉ ልብስ በነጻ እሰፋልዎታለሁ። እምቢ ካሉ ግን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር ማለት ነው።