ስታዲየሙ ሥር የጻፍኩት አቴንዳንስ

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ በጤናችን ደህና ነን። በሌላው ግን ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ መዋሸት ይሆንብኛል።

ስታዲየሙን እያፈረሱት ነው። የማዶውን መቀመጫ ጨርሰው ወደ እኛ ዞረዋል። በቦታው ፎቅ ይሠራል አሉ። ድሮ ጎል ሲገባ ሕዝቡ ከላያችን ሲዘል አፈሩ ድስት ውስጥ ይዘንብ ነበር፣ እማዬም ትስቅ ነበር። አሁን ከማሽኑ ነው የሚዘንበው፤ የሚስቅም የለም። ሃያ ዓመት ማሊያ ያጠበችበት ገንዳ ትናንት ተሰበረ። ከመቀመጫው ሥር ያለነውን ዘጠኝ ቤተሰብ በአንድ ወር ልቀቁ ብለውናል።

የሆዴን ልንገርህ። ቀደም ብለው ስብሰባ ጠርተውን ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነኝ ያለው ሰውዬ አቴንዳንስ ነው፣ የተገኘ ሰው መመዝገቢያ፣ ብሎ ባዶ ወረቀት አወጣ። እማዬ «የልጄ ጽሑፍ ያምራል» ብላ ገፋችኝ። ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ቀና ማለት አልችልም። አንገቴን ደፍቼ የሁሉንም ስም ጻፍኩ፤ እነሱም አጠገቡ በጣታቸው ፈረሙ። ለካስ ሰውዬው ያንኑ ወረቀት ነዋሪዎች ለመነሣት ተስማምተዋል ከሚል ደብዳቤ ጋር አያይዞ ለበላዮቹ ሰጥቶታል! በገዛ እጄ ገመዱን አቀበልኩት። ደሜ እንደፈላ ነው፣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የሜዳውን መስመር የሚቀባው ጎረቤታችን ሳልፍ ባየኝ ቁጥር «ጸሐፊዋ መጣች፣ ስማችሁን ደብቁ» ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ አርራለሁ።

ሰኞ የኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ሦስቴ ከበሩ ተመልሼ በአራተኛው ገባሁ። ወረቀቱን ያሳዩኝ ስለው «ሂጂ፣ ትልቅ ሰው ላኪ» አለኝ። «ሲያስጽፉኝ ትልቅ ሰው አልፈለጉም» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ወንድም ጋሼ! ያም ሆኖ አላሳየኝም።

ስለዚህ ሌላ ጻፍኩ። «የፈረምነው ለመገኘታችን እንጂ ለመስማማታችን አይደለም» ይላል። ቤት ለቤት ዞሬ፣ መጀመሪያ እያነበብኩላቸው አስፈረምኩ። መስመር ቀቢው ሁለቴ አስነበበኝ፤ እውነቱን ነው። ስምንቱ ቤት ፈርሟል። የእኛ ክፍል በአንተ ስም ስለሆነ የእማዬን ፊርማ አይቀበሉም። ጎረቤቶች አንቺው ፈርሚለት ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። ካመንክበት በራስህ እጅ ፈርምና ይህን ላመጣልህ ሹፌር ስጠው፤ ሐሙስ ይመለሳል።

ባለቤትህን እቴዋ ሳመችሽ በልልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህንም ከእማዬ ጋር ሆነን እጅ ነስተናል።

እህትህ
ከመቀመጫው ሥር፣ ሰባተኛው ክፍል
ታኅሣሥ 3 ቀን