ከሞተሩ ኋላ የተቀመጥክባት ቅዳሜ

መስፍኔ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሙት ዓመትህ ዕለት ዘመድ ወዳጅ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ለሁሉም «አሜን» አልኩ። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልነግር ያን ሁሉ ጊዜ ቆየሁ። የሚያውቀው ሰው አንተ ብቻ እንደሆንክ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ውስጥ ነኝ። የኪራይ ውሉ ሲታደስ ስምህን አውጥተው በእኔ ብቻ አደረጉት። ልጅህ ሃና ትምህርቷን ጨርሳ ጀርመንታውን ሥራ ይዛለች፤ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ካንተ ጋር አንድ ሆኗል። የሥራ ቱታህን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ግራሶው አልለቅ ሲለኝ ተውኩት።

ያን መኪና መጀመሪያ ያየሁት በወረቀት ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ በነበረው ጋራዥህ ካምቢዮ በመጠገን የታወቅህ ነበርክ። አንድ ቀን ሚስተር ዋልተር የሚባሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ደንበኛህ ቤታቸው ወስደው ለዓመታት ሸራ ለብሶ የተቀመጠ የእሽቅድምድም መኪና አሳዩህ። ስትመለስ ጃኬትህን እንኳ ሳታወልቅ ሳልክልኝ። እንደ መሰላል የረዘመ ቀጭን ሻንሲ፤ ፊት ለፊት የብስክሌት የሚመስሉ ሁለት ጎማዎች፤ ኋላ ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች፤ መሐል ላይ ክዳን የሌለው ትልቅ ሞተር። «ነጂውስ የት ነው?» አልኩህ። ከኋላ ጎማዎቹም አልፈህ፣ ጫፉ ላይ፣ ትንሽ ክብ አደረግክ።

«እዚህ። እግሮቹን በዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ አሳልፎ ይዘረጋል። ካምቢዮው በእግሮቹ መሐል ነው።»

«ቢፈነዳስ?»

«ለዚህ ነው የተዉት» አልከኝ።

ድሮ የነጂዎቹን ፊት የፈላ ዘይትና እሳት ሲያቃጥለው፣ ብረት ተሰባብሮ እግራቸውን ሲቆርጠው፣ ሠሪዎቹ ሞተሩን ከነጂው ኋላ እንዳደረጉት ነገርከኝ። ዛሬ እንደዚህ ያለውን የሚነዱት ፍቅሩ የያዛቸው ሰዎች ብቻ መሆናቸውንም ነገርከኝ። ምንም አልደበቅከኝም። ለዚህም ነው በኋላ አንተን የምወቅስበት ያጣሁት።

ሁለት ክረምት ሙሉ ከሽማግሌው ጋር ስትፈታው ስትገጥመው ከረምክ። የሳቸው ዓይን ስለደከመ ወንበሩን ላንተ ሰጡህ። ፈተናውን አልፈህ የነጂነት ፈቃዱን ይዘህ ስትመጣ ሁለት ሳምንት አኮረፍኩህ። ሃና «ማም፣ ሂ ኢዝ ሃፒ፣ ደስ ብሎታል፣ ተይው በቃ» ብትለኝ እሷንም ተቆጣኋት። ከዚያ አንድ ቀን «አንድ ጊዜ ብቻ ነይና እዪ፤ ከዚያ በኋላ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ» አልከኝ። ወደ እሽቅድምድም ሜዳው መጣሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ጆሮዬን ብይዝም ድምፁ በደረቴ ገባ። የነዳጁ ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ። የኋላ ጎማዎቹ ነጭ ጭስ አንስተው ሸፈኑህ፤ የራስ ቁርህ አናት ብቻ ይታየኝ ነበር። አረንጓዴው መብራት ሲበራ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ስንዝር ያህል ተነሡ፤ በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ሩብ ማይሉን ጨርሰህ ከኋላህ የማቆሚያው ጃንጥላ ተከፈተ። ስትመለስ ፊትህ በዘይት ጠቁሮ ጥርስህ ብቻ ይታይ ነበር። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁህም።

«የደንበኛ መኪና ሠርቼ እሰጣለሁ፣ ይዞት ይሄዳል፤ የሠራሁትን ማንም አያየውም» አልከኝ ወደ ቤት ስንመለስ። «ይሄ ግን ፊት ለፊቴ ነው። ሲታመም አየዋለሁ፣ ሲደሰት አየዋለሁ።»

እኔም ተው አላልኩህም። ለሰው ሁሉ «ያን መኪና እጠላዋለሁ» እያልኩ ነበር የማወራው። እውነቱ ግን ወድጄው ነበር።

አሁን ስለዚያች ቅዳሜ ልጻፍ።

የምሠራበት አስፐን ሂል አረጋውያን ቤት ጠዋት ገብቼ፣ የምትተካኝ ልጅ ዘግይታብኝ፣ የቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ደግሞ በመኪና ተዘጋግቶ፣ ሜዳው ስደርስ ሁለቴ ሮጠህ ጨርሰሃል። የእሳት መከላከያ ልብስህን እስከ ወገብህ አውልቀህ ውኃ ትጠጣ ነበር። ሚስተር ዋልተር ወንበራቸውን እያጣጠፉ ነበር። «አላየሁህም እኮ» አልኩ፤ ፊቴም ሳይጠቁር አልቀረም። አንተም ወደሳቸው ዞረህ አንድ ዙር መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቅካቸው። ጊዜው እንዳለ፣ ግን ፍሪሲዮኑ በጣም እንደጋለ ነገሩህ። «ለዛሬ ይብቃ» አሉ በእንግሊዝኛ፤ እኔም ሰምቻለሁ።

አንተም ሰምተሃል። ግን ወደ እኔ ዞረህ በአማርኛ፣ «ላሳይሽ?» አልከኝ።

«አሳየኝ» አልኩህ።

ልብስህን መልሰህ ለብሰህ መኪናው ውስጥ ገባህ። ከግማሽ መንገድ አለፍ ስትል ድምፁ ተቀየረ። ትልቅ የብረት በር በኃይል የተዘጋ መሰለኝ። ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ቀይ እሳት፤ መኪናው በጎኑ ዞረና ተገለበጠ። ፍሪሲዮኑ ተበታትኖ መከላከያውን ብረት ቀድዶት እንደወጣ በኋላ አስረዱኝ። በሄሊኮፕተር ወሰዱህ። እኔ በመኪና ሆስፒታሉ ስደርስ አርፈሃል።

በቀብርህ ቀን ከኮሎምቢያ ሃይትስ የመጣው ወንድምህ ዳንኤል ሽማግሌውን በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ነህ የገደልከው!» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸባቸው። ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ «ይብቃ ብለው ነበር» ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ፣ መስፍኔ። ዓመት ሙሉ ዘመድ በየቤቱ ስማቸውን ሲያነሣ፣ ሃና «አይ ሄት ሂም፣ እጠላዋለሁ» ስትል፣ እኔ ሰሃን አጥብ ነበር።

ከሙት ዓመትህ በኋላ አላስችል ብሎኝ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። በዚያ ቀን በአማርኛ የተባባልነውን አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። «ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን እንዴት እንደተያያችሁ አየሁ» አሉኝ። «አንቺ አሳየኝ አልሽው። ያ መኪና ግን ብቻውን አይነሳም። ሞተሩን ያስነሳሁለት እኔ ነኝ።»

አላጽናኑኝም፤ እኔም አላጽናናኋቸውም። ተያይዘን ተቀመጥን።

ለዳንኤልም ደውዬ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ፤ እስካሁን አያናግረኝም። ሃና ግን ቤት መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ለምን እስከ ዛሬ?» ብቻ ነው ያለችኝ።  በሳምንቱ ሽማግሌውን ልትጠይቅ ሄደች።

የመኪናውን ነገር ማወቅ ትፈልጋለህ። ሁለት ሰዎች አሳድሰን እንነዳዋለን ብለው ሽማግሌውን ለምነዋቸው ነበር። «አንቺ ወስኚ» አሉኝ። ሚስቶቻቸውን አሰብኩና እምቢ አልኩ። ማንም ዳግም እንዳይነዳው ሻንሲውን በመጋዝ ስንቆርጠው ባንዱ ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ በሌላው እኔ። ብረቱ ቀላል ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን ማታ ማታ ስጸልይ ስምህን የምጠራው ከኃጢአቴ ጋር አንድ ላይ ነው። እንዲህ አድርጌ እንደማስታውስህ ቃል እገባልሃለሁ፤ አሳምሬም፣ ራሴን ነፃ አውጥቼም አይደለም። ሃና ልጅ ወልዳ አያቴ እንዴት ሞተ ብሎ ቢጠይቀኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላንተ ብቻ ልተውልህ። አረንጓዴው ከበራ ጀምሮ ያ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ በነበረችው አጭር ጊዜ፣ አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ስምህን እየጠራሁ እጮህ ነበር። በደስታ ነበር የምጮኸው፣ መስፍኔ። እሱንም አልረሳም።

ባለቤትህ፣
ጽጌ