የጠዋቱ ተረኛ

እንሴኖ፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ውድ ራምዚ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከፕሮጀክቱ ከተባረርክ አሥር ወር ሆነህ። ቡኢ ገብተህ ሞባይል ትጠግናለህ አሉ። ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃለሁ። ፈሪነቴን መቼም አታጣውም።

ወንዙ ዳር ውሃው ሲሞላ ማስጠንቀቂያ የሚያሰሙትን አሥራ ሁለቱን የጎርፍ ሴንሰሮች የተከልን ቀን ትዝ ይልሃል? ሁሉም ሌት ተቀን ከነቁ ባትሪያቸው በክረምቱ አጋማሽ ያልቃል፣ ስድስቱ ሲነቁ ስድስቱ ከተኙ ግን ክረምቱን ይዘልቃሉ ብለህ ለገበሬዎቹ አስረዳህ። "እንደ ከብት ጥበቃ ተራ በሉት" ስትላቸው ጋሽ ከማሉ "ተረኛው ቢያሸልብስ?" አሉህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። "ማሽን አያሸልብም፣ ጋሼ" ብዬ የመለስኩት እኔ ነበርኩ።

የሌሊት ተረኞቹን ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ራስህ ሞላህ። ለእኔ "የቀኖቹ ከ12 እስከ 12" ብለህ በወረቀት ጻፍክልኝ። እኔ ደግሞ 12ን እንዳለ አስገባሁት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሱ 12 የእኛ ቀን ስድስት ሰዓት። ያንተዎቹ ንጋት ላይ ተራቸውን ጨርሰው ሲተኙ የእኔዎቹ ገና አልነቁም። ጠዋቱን ሙሉ ወንዙን የሚያይ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ የመጣው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ጋሽ ከማሉ ማስጠንቀቂያው ዝም ስላለ ተማምነው ላሞቻቸውን ያሻግሩ ነበር። ሁለት ላም ሄደ፣ የእሳቸውም እግር ተሰበረ። ኃላፊያችን ጋሽ ፈቃደ ያንን የሰዓቱን ወረቀት አንስተው "ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?" ሲሉ "የእኔ" አልክ። አጠገብህ ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ፣ ራምዚ። አንተም ሳታውቅ አልቀረህም፤ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

ትናንት ጋሽ ከማሉ በምርኩዝ እየሄዱ ገበያ ላይ አገኙኝ። "ያ ልጅ ደህና ነው? ክፉ ቃል ተናግሬው ነበር" አሉኝ። አላስቻለኝም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲሄዱ "ለእኔማ ነገርሽኝ፤ ለሰዉስ?" አሉ።

ሰኞ ሴንሰሮቹን ለዘንድሮው ክረምት መልሰን እንተክላለን፤ ገበሬውም ጋሽ ፈቃደም ይኖራሉ። እዚያው እናገራለሁ። ያባርሩኝ ይሆናል፣ እፈራለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን አንተ ፊቴ ከቆምክ አልሸሽም።

ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ና። መናኸሪያው በር ላይ በሦስት ሰዓት እጠብቅሃለሁ። በእኛ ሰዓት፣ ጠዋት።

ያሸለበችው ተረኛ፣
ፈቲሀ