መብራት ማለት ማታ ማለት ነው

ታኅሣሥ 14

ፋርማሲ ውዬ መጣሁ። ደባርቅ በሙሉ ጉንፋን ይዞታል፤ የሳል ሽሮፕ ከመደርደሪያ ስናወርድ ዋልን። ከምሳ በኋላ እትዬ አገርነሽ ከዳባት ደወለች፣ የቴዎፍሎስ ታላቅ እህት። ለሠርጋችን አንድ ወር ቀረው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ሙሽራ ሆናለች። «መብራት አገኘሁ!» ሸጋው የሚባል የሠርግ መብራት የሚያከራይ የጎንደር ልጅ ነው አሉ። ዳሱን በቀለም ያጥለቀልቀዋል፣ ጀኔሬተሩንም ይዞ ይመጣል። ወጪው እኩል ለእኩል።

«የኔታን አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ፤ አባባን ማለቷ ነው።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ነው የሚሰለቸኝ?

ታኅሣሥ 17

ሸጋው የሌላ ሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ። ሙሽራዋ ስትገባ ወለሉ ሰማያዊ ይሆንና እግሯ ሥር ከዋክብት ይንሸራሸራሉ። ሦስቴ አየሁት። ወደድኩት… እዚህ ደብተር ላይ ምን ልዋሽ? የመሪጌታ ልጅ ብሆንም ወደድኩት።

ኋላ ነው አንድ ነገር የገባኝ። መብራት እንዲያምር መጨለም አለበት። መብራት ማለት ማታ ማለት ነው። ማታ ማለት ደግሞ ከደባርቅ የሚሄደው ዘመዴ ሁሉ ዳባት አምሽቶ በዚያ መንገድ ሊመለስ… ሰው በሚታገትበት በዚያ መንገድ!

ታኅሣሥ 21

ይግዛውን ወሰዱት። ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤታችን። ከዳባት ሲመለስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሚስቱ ዓለምዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ መጣች፤ ሰጠኋት፣ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት፣ ደግሞ ወደቀ።

«ቆርቆሮውን ባናድሰው ኖሮ…» ትላለች። አዲስ ቆርቆሮ አይተው ገንዘብ አለው ብለው ነው አሉ።

በቆርቆሮ ሰው ከታገተ፣ ከሩቅ አገር በሚታይ መብራትስ?

ታኅሣሥ 29፣ ገና

እትዬ አገርነሽ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ከተበላ በኋላ ጉዳዩን ራሷ ለአባባ አነሳችው። ቴዎፍሎስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ምንጣፍ ያያል።

ፈራ ተባ እያልኩ «በቀን ብናደርገውስ?» አልኩ።

«በቀን?» አለች። «እንደ ተዝካር በልተው ተበተኑ ይበሉን? ያለኝ አንድ ወንድም ነው እኮ። የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

አባባ ጥምጥሙን አስተካከለ። «ዳሱ የእናንተ ነው ልጄ። እንዳላችሁ።»

ስትሄድ ተናደድኩበት። «የይግዛውን ነገር እያወቁ አባባ?»

«አውቃለሁ። ግን ልጁን ሰጥቶ በሰው ዳስ ላይ ሰዓት የሚቆርጥ የት አይተሻል? ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እናቴ ብትኖር ታውቅበት ነበር። በቀልድ አስመስላ ታስቀረው ነበር።

ጥር 3

ከፈልኩ። ድርሻዬን ዛሬ ላክሁ። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ አገርነሽ ስልክ ላይ «ከፈራሽ ይቅር፤ እኛ ቤት ግን ፈሪ አልተለመደም» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ላክሁ።

በይሉኝታ ብቻ ነው? ከዋክብቱንስ ስለወደድኩ አይደለም?

ይግዛው እስካሁን የለም።

ጥር 6

የማላውቀው ቁጥር። መድኃኒት ፈላጊ መስሎኝ አነሳሁት።

«ሙሽሪት ነሽ?»

«ማን ልበል?»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ትልቅ መብራት ነው አሉ። በስንት ሰዓት ነው የሚበራው?»

ጨዋ ድምፅ። የማይቸኩል። እንደ ዘመድ ነው የሚያወራው። እኔም የተረገምኩ፣ ከልማዴ የተነሳ «አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው ዘጋሁ! ደንበኛ ቆሞ ሳለ ጓዳ ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። የሚዜዎቹ ቀልድ ቢሆንስ?

ጥር 7

መብላት አልቻልኩም። የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 9

ለቴዎፍሎስ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔንም ጠይቀውኛል» አለ። «ስንት መኪና ነው የሚያጅባችሁ ብለው። ከሳምንት በፊት።»

«እና ዝም አልክ?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

ቁጥሩን አስተያየን። አንድ ነው። እሱ እንዳልፈራ ብሎ፣ እኔ እንዳይስቅብኝ ብዬ… ደግሞ ልንጋባ ነው። ሁለታችንም ደደቦች።

ጥር 12

በዓሉ እስኪያልፍ ታግሼ ዛሬ ለአባባ ነገርኩ። ጥምቀትን እንኳ በወጉ አላየሁም፤ ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ነበር የማየው።

ሰምቶ ጨረሰ። «ነገ ዳባት እሄዳለሁ። ቃሌን አፌ ነው የሰጠ፣ አፌ ይመልሰዋል።»

«በስልክ ይንገሯት አባባ፣ እባክዎ!»

«ቃል በስልክ አይመለስም።»

ጥር 13

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ። አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ዝግ። ስድስት ሰዓት፣ ዝግ። ሰባት ሰዓት… እመቤቴ፣ የእኔን ከዋክብት በእሱ አታስከፍዪኝ አልኩ። መድኃኒት ተሳስቼ ልሰጥ ስል የሥራ ባልደረባዬ ነጥቃ አስቀረችኝ። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ከሚኒባስ ወረደ፤ አቧራ ለብሶ፣ መቋሚያውን ይዞ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል! ሰው ፊት አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

«ምን አለችዎ?»

«አለቀሰች። እኔም ሰባ ዓመት ያልበላሁትን ቃል በላሁ። ሠርጉ በቀን ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ በየቤቱ።»

ጥር 14

ለሸጋው ማን ይንገር? በእኔ ላይ ወደቀ። ምን እንደምል ከቴዎፍሎስ ጋር መከርን። ፈራን ማለት አሳፈረን። ፈሪ ናቸው ተብሎ ጎንደር ድረስ ሊወራብን ነው… እና «ለቅሶ ገጠመን፣ በቀን ልናደርገው ነው» አልኩት።

ደነገጠ ልጁ። «እግዜር ያጽናችሁ እህቴ። ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ ሌላ ሥራ አላጣም።» መልሶ ያጽናናኛል ደግሞ። ጭራሽ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ፤ አክስቴ አልኩ። አክስት የለኝም።

ጥር 17፣ እሑድ

ተጋባን። ሥርዓተ ተክሊል በጠዋት፤ አክሊሉ ራሴ ላይ ሲያርፍ ብቻ ፍርሃቱ ለትንሽ ጊዜ ለቀቀኝ። መኪኖቹ ላይ አበባ የለም፣ ጥሩምባ የለም። እየተከታተልን ዳባት ገባን። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የቴዎፍሎስን እጅ ስጨምቅ ቀለበቱ ቆዳውን ላጠው።

ተበላ፣ ተዘመረ፣ ተመረቀ። በዘጠኝ ሰዓት ዳሱ ባዶ። አባባ ደባርቅ ደርሶ ደወለ፤ ሁሉም ገብተዋል። እትዬ አገርነሽ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። አንዲት ሴትዮ ጆሮዬ ሥር «ተዝካር ነው እንዴ?» አለች። ትበል! ሁሉም ገብተዋል።

ጥር 18

ጠዋት እትዬ አገርነሽ ሳታንኳኳ ገባች። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል።

ሸጋው ታግቷል።

ትናንት አመሻሽ፣ ከእነጀኔሬተሩ፣ በዚሁ በእኛ መንገድ። እኛ ስንቀር ቀኑ ባዶ እንዳይሆንበት ብላ ደባርቅ ውስጥ ልጁን ከሚድር ባርናባስ ከሚባል ሰው ጋር ሸጋውን ያገናኘችው እሷ ናት። ሠርገኛው በባትሪ ሲጠብቀው አመሸ።

«ስለ ስልኩ የኔታ ነግረውኝ ነበር» ትላለች። «ማስፈራሪያ ነው ብዬ ናቅሁት… ፀጋዬ፣ ምን ይሻለናል?»

የሚስቱን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ።

«ለቅሶ የገጠማችሁ?»

«ለቅሶ የለም» አልኳት። «ሰዎች እየደወሉ ስለ መብራቱ ጠየቁን። ፈርተን ነው የቀረነው።»

ሕፃኑን አባበለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «ለምን አልነገራችሁትም?» አለችኝ።

አፍረን ነው ልላት ነበር። ሳልላት ስልኩ ተዘጋ፤ ደብተሬን አወጣሁ።

ከዳባትና ከደባርቅ በመጪው እሑድ የሚድሩ አምስት ቤቶች አሉ። እትዬ አገርነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ስማቸውን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁሉም ጋ እደውላለሁ። ያንን ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ለምን መብራቱን ተዋችሁት ቢሉኝ፣ ፈርተን እላለሁ።