ወደ ግራ የሚዞር ክር

ጥቅምት 12፣ ጧት

የጉሎ ቅጠል ለቀማ። ትሎቹ የትናንቱን ጨርሰዋል። ሲበሉ ድምፃቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ነው። ሐር የሚባለው ከአፋቸው የሚወጣው ነው ትላለች አሰልጣኟ። ይሁን። ትል ሲተፋ ሐር፣ እኔ ስተፋ ብልግና።

ሥልጠናው ከገበያው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጧት ጥጥና ሐር መፍተል፣ ከሰዓት ቀለም መንከር። መጨረሻ ላይ እያንዳንዷ ሴት ራሷ በፈተለችው ክር ሸማኔ ዘንድ አንድ ፎጣ አሠርታ ታቀርባለች። ፎጣዋ ያለፈላት እዚያው አዳራሹ ውስጥ የሥራ ቦታ ይሰጣታል። ያላለፈላት ወደ ቤቷ። እኔ ቤቴ መዋል አልፈልግም። ቤቴ ማርታ አለች።

ማርታ የልጄ የታምሩ ሚስት ናት። ከቀይ አፈር ከተማ አመጣት። እሱ አይሱዙ ላይ ረዳት ነው፤ እሷን እኔ ላይ ጥሎ ኦሞራቴ ይመላለሳል። ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው አልወድም። ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?

ደብተር፣ አንተንም ገና አላመንኩህም። ፊደል የለየሁት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ እንደ ሕፃን ጠመኔ ይዤ ነው። እሱ እያለ የቤቱ ወረቀት ሁሉ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። የሚነበብልኝም እሱ የፈለገው ብቻ። አሁን ለራሴ እጽፋለሁ፣ ለራሴ አነባለሁ። ፍራሽ ሥር ትተኛለህ።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት

የአቮካዶ የውስጥ ፍሬና ልጣጭ ሲቀቀል ሮዝ ቀለም ይሰጣል ሲሉኝ ሳቅኩ። ጂንካ ውስጥ አሳማም የሰለቸው አቮካዶ! ግን አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ ዓይኔ ሞራ ቢለብስም፣ በደህናው አየሁት። የሕፃን ምላስ የመሰለ ሮዝ።

ዛሬ ቤት ሞከርኩ። ፍሬውንና ልጣጩን ከትፌ በሸክላ ድስት ጣድኩ። ክሩን ነከርኩ። እስከ ነገ ይቆይ ብዬ ከደንኩት። ማርታን አስጠነቀቅኳት። ድስቱን እንዳትነኪ። እንዝርቴን እንዳትነኪ። ጥጤን እንዳትነኪ። አንገቷን ነቀነቀች። ይኼ አንገት መነቅነቅ ደግሞ።

ወ/ሮ አስካለ መጣች። አብራኝ ትሠለጥናለች፣ ሱቅ አላት። ወንፊት ልመልስ ብላ ነው። ሳትጠየቅ ክዳኑን አንስታ ውስጡን አየች፣ እንዴት ያምራል አለች። እሷ ያደነቀችው ነገር ሲበረክት አላየሁም።

ጥቅምት 15፣ ጧት 1 ሰዓት

አመድ! ክሬ አመድ መስሏል። ሮዝ የለ፣ ምን የለ። አጠብኩት፤ ባሰበት።

አስካለ ናት። ሌላ ማን? ወንፊቱ ሰበብ ነው። የአዳራሹ ቦታ ለሁላችን እንደማይበቃ ታውቃለች። አንድ ነገር ጨምራበታለች። ማረጋገጥ አልችልም። ግን ክዳኑን ያነሳችበትን እጅ አልረሳውም።

ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

አሰልጣኟ ክሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየች። በምን ቀቀልሽው አለችኝ። በሸክላ አልኩ። የለም፣ ይኼ ብረት ነክቶታል፣ ዝገት ነው ያጠቆረው አለች። ውሸታም የተባልኩ መሰለኝ። አስካለ ከጎን «እትዬ፣ ዕድሜ ነው እኮ፤ ሸክላና ብረትም ይምታታል» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የሸክላውን ድስት ገለበጥኩ። መቀመጫው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በሊጥ ተደፍኗል! ከደጅ የዛገውን የብረት ድስት አነሳሁ። ጠርዙ ላይ የአቮካዶ ልጣጭ ደርቋል።

ማርታን ጠራሁ። አመነች። አስካለ ከሄደች በኋላ ሸክላው ሲያፈስ አይታ፣ ክሩ እንዳይበላሽ ብላ ብረቱ ላይ ገልብጣዋለች። ቀለሙ ሲጠቁር ደንግጣ ወደ ሸክላው መለሰችው፣ በሊጥ ደፍና። ለምን አልነገርሽኝም አልኩ። «ይቆጡኛል ብዬ፣ እማማ።» እቆጣለሁ እንጂ!

አስካለን ለጊዜው ትቻታለሁ። ለጊዜው ነው።

ግን ድስት የሸሸገች ልጅ ሌላ ምን ሸሽጋለች?

ጥቅምት 19፣ ጧት 4 ሰዓት

ማርታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ሳጥኗን ከፈትኩ። አዎ ከፈትኩ፤ ቤቱ የእኔ ነው። ከልብሷ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ ፈትል። ሁለት ልቃቂት።

በጣቶቼ መሐል ወደ ቀኝ አሽከረከርኩት። የሌላ ሰው ክር እንዲህ ሲሉት ይጠብቃል። ይኼ ተፈታ። ወደ ግራ የዞረ ነው። የእኔ ነው!

ይህን ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ እሳት ላይ ወድቄ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቀኝ ጭኑ ላይ በቀኝ እጁ የሚያሾረውን እንዝርት፣ እኔ በግራ ጭኔ ላይ በግራ እጄ አሾራለሁ። ክሩም ተገልብጦ ይዞራል። በልጅነቴ ሲስቁብኝ ኖረዋል። አሁን ምስክር ሆነኝ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚፈትል የለም።

ልቃቂቶቹን ወሰድኩ። ከራሴ ጋር ቀላቀልኳቸው። ምንም አልተናገርኩም። ታምሩ ሲመጣ ሳጥኗን ጭኖ ቀይ አፈር ይመልሳት። ወስኛለሁ።

ጥቅምት 20፣ ማታ 1 ሰዓት

አውቃለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሳጥኗን ስትከፍት፣ ስትዘጋ ዋለች። ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትንፍሽ ትላለች? የሰረቅኩት ተሰረቀብኝ ትበል?

ፈትሌን ሁሉ ለሸማኔው ለጋሽ ማርቆስ ሰጠሁ። ፎጣው ነጭ ይሆናል፤ ጥለቱ ያ አመድ የመሰለው ክር። አሰልጣኟ ግራጫውም ቀለም ነው ብላለች። ልታባብለኝ ይሆናል።

ታምሩ ደወለ። ሲመጣ የምነግረው ነገር እንዳለኝ ነገርኩት። አሁን ንገሪኝ አለ። በስልክ አይሆንም አልኩ።

ጥቅምት 23፣ ከሰዓት

ጋሽ ማርቆስ አስጠራኝ። ፎጣው ግማሽ ላይ ቆሟል። እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ፈትል የሁለት ሰው ነው።»

ዞሩን እየው አልኩት። ወደ ግራ የሚያዞር ሌላ ማን አለ?

«ዞሩስ አንድ ነው። እጁ ነው ሁለት» አለ። ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋው። ደህናውን ዓይኔን አስጠጋሁ። እዚህ ጋ ለስላሳ፣ የእኔ። እዚያ ጋ እንቁላል የዋጠ እባብ፤ ወፈር፣ ቀጠን፣ ወፈር። እሱማ ሥራ ማቆሙ አናዶታል። «ደግሞ የመጥረጊያ ስንጥር አለበት። እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ከወለል ጠርገው ነው እንዴ የሚፈትሉት?» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅኩም። ስፈትል ከእጄ የሚያመልጥ ብናኝ ጥጥ ወለል ላይ ይወድቃል። ከሥሬ የምትጠርገው ማርታ ናት። ልቤ ሳይወድ ጨርሰው አልኩት፣ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አሰብኩ። የእኔን ክር ለማበላሸት ብላ ይሆን? ግን ሳጥኗ ውስጥ ነበር እኮ። አውጥቼ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን በጣቴ ያየሁት ዞሩን ብቻ ነው። ጉብጉቡን አላየሁም። ላየው አልፈለግኩም።

ጥቅምት 24፣ ጧት

ማርታን አስቀመጥኳት። ፍተይ አልኳት። የምትፈትዪበትን እንዝርት አምጪ፣ እንዳለሽ አውቃለሁ። ወጣች፣ ከአጥሩ ውስጥ ስባ አመጣችው። ቀጭን እንጨት፣ እታች የቅል ስባሪ የተሰካበት። ራሷ ነው የሠራችው። እንዝርቴን አትንኪ ብያት የለ? አልነካችም።

ተቀመጠች። እንጨቱን በግራ ጭኗ ላይ አደረገች። በግራ እጇ አሾረችው። በቀኝ እጇ ጥጡን ያዘች።

ሁለት ጣቶቿን አጥፋ።

የእኔ በእሳት የታጠፉ ናቸው። የእሷ ደህና ጣቶች ናቸው፤ አጥፋ ይዛቸዋለች፣ ከጉልበቷ የተነሳ ነጣ እስኪሉ። ለምን አጠፍሻቸው አልኳት። አየችኝ። የማሾፍ ፊት ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«እንዲህ አይደል እንዴ የሚያዘው፣ እማማ?»

ቤቴ ከገባች ጀምሮ ያ እጄ ነጠላ ሥር ነው። የማወጣው ስፈትል ብቻ ነው፣ ያውም ጀርባ ሰጥቻት። በጎኔ በመጋረጃው በኩል ያየችውን ያህል ነው የያዘችው። ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። ሲያምርልኝ ላሳይዎት ነበር አለች። «ከዚያ እርስዎ ወሰዱት» አላለችም። አላለችም እኮ!

እጄን ከነጠላው አወጣሁ። ጣቶቼን አሳየኋት። ነካቻቸው። እሳት ነው አልኩ። ጣቶችሽን ዘርጊ አልኳት። ዘረጋች። ክሩ ተበጠሰ። እንደገና። ተበጠሰ። ሳቀች፣ ትንሽ። እሺ እጠፊያቸው አልኩ፣ ለዛሬ።

ጥቅምት 25፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ፎጣ የሚቀርብበት ቀን። ጋሽ ማርቆስ ትናንት ማታ አድርሶታል። አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ሁሉም የእኔ ነው ብል አሰልጣኟ ዞሩን አይታ ታምነኛለች። እጄን ታውቃለች። ጉብጉቡን፣ የአሮጊቷ ዓይን ደክሞ ነው ትለዋለች። ጋሽ ማርቆስ አይናገር ይሆናል። ማርታ እንደሆነች አትናገርም። እንግዲህ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ አንተም ፍራሽ ሥር ነህ።

የሁለት ሰው ነው ካልኩ ይመልሱኛል። «ራሷ በፈተለችው ክር» ነው የተባለው። አስካለ እስከ ፋሲካ ትስቅብኛለች። ቦታው ይቀራል፣ ቤቴ እውላለሁ።

ማርታን ሙሉ በሙሉ አምኛታለሁ አልልም። ዝምታዋ አሁንም ያስፈራኛል። ግን ሳጥን የከፈትኩት እኔ፣ የሰው ክር ይዤ የወጣሁት እኔ። ስለ ሌባ ስንት ገጽ ጻፍኩብህ!

ልብስሽን ቀይሪ ብያታለሁ። አብረን እንሄዳለን። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ አስካለ እየሰማች፣ ለስላሳው የእኔ ነው፣ ጉብጉቡ የልጄ ሚስት ነው እላለሁ። የቅሉን እንዝርት ይዛለች። ይመልሱንም ይቀበሉንም፣ ቁጭ ብላ ታሳያቸዋለች።

ታምሩ ዛሬ ከሰዓት ይደርሳል። ሳጥኗን እንዳይነካ።