በፍልሰታ የሰማሁት የልብ ምት

ይድረስ ለውድ እታለም ታንጉት፣ በየዳ፤

እንዴት ከርመሻል? የክረምቱ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ገብሱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽም ከደስታ ብዛት ነው!

ማክሰኞ ማታ በሆዴ ያለው ልጅ እንቅስቃሴው ቀነሰብኝ። ሊያገባኝ ቃል ገብቶልኝ የነበረው እጮኛዬ ያለው፣ በሽማግሌ ፊት «ልጁ የኔ አይደለም» ብሎ ከካደኝ ወዲህ፣ «ሳታገባ አረገዘች፣ ጾሙንም ሻረች» እንዳይሉኝ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር። እልኼን ታውቂው የለ! የልጁ እንቅስቃሴ የመቀነሱ ወሬ የያለው እናት ጆሮ ሲደርስ ምን አለች መሰለሽ? «እግዜር ፈረደ!»

ትናንት ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር ጽጌሬዳ የምትባል የዳባት ልጅ ተቀበለችኝ። ባልሽ የት ነው አላለችኝም። በግራ ጎኔ አስተኝታ፣ ከማሽን ጋር የተያያዘ ቀበቶ ሆዴ ላይ አሰረችልኝ፤ ልጁ ሲንቀሳቀስ የምጫነውን ቁልፍም አስጨበጠችኝ። የልቡ ምት ሲሰማ ጮኽኩ! ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በይው። እሷ ግን ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት አተኩራ አየች።

«ልቡ ይመታል፤ ግን ሲንቀሳቀስ ፈጠን ማለት ነበረበት። እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። እህል የቀመስሽው መቼ ነው?»

«ትናንት» አልኳት።

«አንቺስ እሺ፤ እሱን ገና ሳይጠመቅ ማን ጹም አለው?» ብላ በሶ በስኳር በጥብጣ አመጣች። «ይኸው የጾም ነው፤ የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።»

ጠጣሁ። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ቆይቶ፣ እታለም፣ ረገጠኝ! ቁልፉን ስጫን ልቡ ሮጠ። ደገመኝ። «ጎሽ የኔ አንበሳ!» አለች። በበሶው ይሁን ከእንቅልፉ ስለነቃ እሷም አታውቅም፤ ደኅንነቱን ግን ወረቀቱ ላይ አሳየችኝ። ሰኞ ደግማ ታየዋለች፤ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ግን ሰኞን ሳልጠብቅ እንድመጣ አጥብቃ ነገረችኝ።

የንስሐ አባቴ አባ ሰይፈ ሥላሴም «ማን ጹሚ አለሽ?» ብለው ተቆጡኝ። ወረቀቱን የያለው እናት በር ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ሲስተር ካርዴ ውስጥ አስቀረችብኝ! የያለው እናት የፈለገችውን ትበል፤ ፍርዱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ተደብቄ በየዳ እንድወልድ የመከርሽኝን አልቀበልም። እዚሁ ደባርቅ፣ በሆስፒታል እወልዳለሁ። መስከረም ሲጠባ አንቺ ነይልኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን ደርበውን፣ ልጆችሽን ሲሲንና ትንሹን ቢራራን ናፍቄያችኋለሁ በይልኝ። አባታችን ስሜን ላያነሡ ምለዋል አሉ። መሐላቸውን አላስፈርሳቸውም፤ እኔን ሳይጠሩ የልጁን ጤና ይጠይቁ።

እህትሽ ፍቅርአዲስ
ደባርቅ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.